የሴት ማዕረግ በጎንደርና በቋንቋችን

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጣ ሲሉ፥ በደብረ ፀሐይ ቍስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ፍራሽ ይታያል። ያሠሩት እመቤት «እቴጌ» ይባሉ እንደ ነበረ ሁሉም ያውቃል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው፥ ይህ ስም የሥራቸው ስም ነበረን ወይስ የጋብቻቸው? የሚለውን ነው።

ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ፥ የዐፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ። ንጉሡ በ1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ሕፃን ስለ ነበረ፥ እናቲቱ ዘውድ ጭነው፥ ብርሃን ሞገሳ ተብለው፥ በልጃቸው ስም መንግሥቱን አስተዳደሩ። ሥራቸው የገዥ ሥራ ነበር፤ የተጠሩበት «እቴጌ» ግን በልማድ ዘውድ የጫነች የንጉሥ ሚስት ስም ነው። ከበካፋ ሞት በኋላ አብሯቸው የኖረው ግራዝማች ኢያሱ የነገሥታት ዘር ሲሆን እንኳ ክብር አላገኘም፤ «ምልማል ኢያሱ» የሚል የሽሙጥ ቅጽል ወጣለት እንጂ።

ከመቶ ዓመት በኋላም ነገሩ እንዲሁ ነበር። የራስ ዓሊ እናት ወይዘሮ መነን ሊበን በደምብያና በጎንደር ብርቱ ሥልጣን ነበራቸው፤ እስከ 1839 ዓ.ም. ድረስም ጦር ይዘው ከደጃዝማች ካሣ፥ ከኋለኛው ዐፄ ቴዎድሮስ፥ ጋራ ተዋግተው በዚያው ዓመት ተማረኩ። «እቴጌ» የተባሉት ግን ሥልጣን ስለ ነበራቸው አይደለም፤ ሥልጣን ያልነበራቸውን ዐፄ ዮሐንስ ሣልሳዊን ስላገቡ ነው። ኀይሉ የሚስት፥ ስሙ ግን የባል ነበር ማለት ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፥ በ1909 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ዙፋን ላይ ተቀመጡ። የነገሡት በራሳቸው የዘር መብት እንጂ የንጉሥ ሚስት ሆነው ስላልነበረ፥ «ንግሥተ ነገሥታት» ተባሉ። ባላቸው ራስ ጉግሣ ወሌ ግን ከዙፋኑ አጠገብ ስፍራ አልተገኘላቸውም፤ ከንግሥቲቱ እንዲለዩ ተደርጎ የበጌምድር ገዥ ሆነው ኖሩ። መኳንንቱ የፈሩት ባል በሚስቱ በኩል እንዳይነግሥ ነበር። ቋንቋውም ቢሆን ለንጉሥ ሚስት «እቴጌ» የሚል ስም ሲኖረው፥ ለንግሥት ባል አንዳች ስም አላዘጋጀም። ራስ ጉግሣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ወደቁ፤ ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ።

ይህ ጕድለት የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገርም የንግሥት ቪክቶሪያ ባል አልበርት ልዑል ተባለ እንጂ ንጉሥ አልተባለም። ከዚህም በላይ በእንግሊዝኛ «ገቨርነር» ሲባል አገር ገዥ ነው፤ የሴት ምልክት ተጨምሮበት «ገቨርነስ» ሲባል ግን በሰው ቤት ልጆች የምታስተምር ሞግዚት ማለት ነው። አንዲት ቅጥያ ስንት ደረጃ ታወርዳለች! ስለዚህ በቅርብ ዘመን ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለውን ቅጥያ ከሥራ ስም ላይ እያነሡ መጥተዋል።

አማርኛችን ከግዕዝ በወረሰው «ት» ንጉሥን ንግሥት፥ ልዑልን ልዕልት፥ መነኩሴን መነኩሲት ይላል። የብዙ ሥራ ስም ግን ለሁለቱም ጾታ አንድ ነው፤ «ዳኛው ፈረደ»፥ «ዳኛዋ ፈረደች» ስንል የዳኝነቱ ስም አይለወጥም። ቢሆንም የስም አንድነት ብቻውን እኩልነትን አያመጣም። ፈታይ የሚለው ቃል የሴት ምልክት የለውም፥ ሸማኔም የወንድ ምልክት የለውም፤ ነገር ግን እንዝርቱን ለሴት፥ መወርወሪያውን ለወንድ የሰጠ ልማድ ነው። ቋንቋ በሩን ክፍት ቢተወው ልማድ ይዘጋዋል።

በ2011 ዓ.ም. ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት፥ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፥ የሹመቱ ስም እንዳለ ቆየ፤ የሴትነቱ ምልክት «ክብርት» በሚለው የአክብሮት ቃል ላይ ብቻ ዐረፈ። ይህም ስም እንደ ጥንቱ «እቴጌ» በጋብቻ የመጣ ሳይሆን ከሥራው ጋራ የተገኘ ነው።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የምንጽፍ፥ በየትምህርት ቤቱም ቋንቋ የምናስተምር ሁሉ፥ ሠራተኛይቱን በሥራዋ ስም መጥራትን ቀላል ነገር አድርገን አንየው። የቍስቋም ግንብ ባለቤት አገር ሲያስተዳድሩ ኖረው የተጠሩበት ስም የሚስትነት ስም ነበር። ዛሬ ለሥራው የሚገባው ስም በእጃችን አለ፤ የሚቀረው ሥራውንም ስሙንም ለባለቤቱ ሳይቈጥቡ መስጠት ነው።