ጠብታ የሌለው ቀዳዳ

እስቲ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ቀዳዳ ነው። ከመርፌ ጫፍ አትበልጥም። ነገር ግን ገንዘቤን በልታለች፣ እንቅልፌን ነሥታለች፣ አንድ ሌሊት ደግሞ ከነሽንኩርቴ ገደል አፋፍ ላይ አቁማኛለች።

መኪናዬ አሮጌ ሃይሉክስ ናት፤ በናፍጣ የምትሠራ። በቀወት ሽንኩርት ሲደርስ ሽንኩርት፣ ማሾ ሲሰበሰብ ማሾ ትጭናለች። እሑድ እሑድ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው በሚገናኙበት በሰንበቴ ገበያ ትውላለች። ሜዳ ላይ አትታማም። ወደ ጀውሃ፣ ወደ አጣዬ፣ ወደ ካራ ቆሬ ብትልኳት ሄዳ ትመለሳለች። ጉዷ የሚወጣው ዳገት ላይ ነው።

ዳገቱን የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከቆላው በሸሚዝ፣ ላብ እያጠመቀው የተነሣ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል።

ያን ሌሊት ሽንኩርቱን እስከ አፏ ጭኜ ወደ አዲስ አበባ ተነሣሁ። አርማንያን አልፌ ወደ ደብረ ሲና ስጠጋ ሞተሩ መንተፋተፍ ጀመረ። ነዳጅ ብረግጥ ጉልበት የለም። ማርሽ ብቀንስ ያው። ከዚያ ድርግም አለ። ረዳቴ በጨለማ ዘሎ ወርዶ ለኋላ ጎማ ታኮ አደረገ፤ ያ ታኮ ባይኖር ዛሬ ይህን ባላወጋኋችሁ። ኮፈኑን ከፍቼ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ደጋግሜ ተጫንኩ። ተነሣች። ትንሽ ወጣችና ደግሞ ጠፋች። እንዲህ ስንነሣ ስንቆም ነጋ። ገበያው አመለጠን፤ ሽንኩርቱም በወደቀ ዋጋ ተሸጠ።

ጋራዥ አስገባኋት። «የናፍጣ ፓምፑ አልቋል» ተባልኩ። አመንኩ። ፓምፑ ወረደ፣ ተሠራ፣ ተመለሰ። የማሾው ገንዘብ በሙሉ እዚያ ገባ። በሳምንቱ እዚያው ዳገት ላይ፣ መጀመሪያ በጠፋችበት ድንጋይ አጠገብ ቆምኩ።

ያኔ ነው ወደ አጎቴ የሄድኩት።

አጎቴ የይፋት ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት ግን በአሰብ መንገድ ነው። ገና ጢም ሳያበቅሉ በኤንትሬ ረዳትነት ጀመሩ። ኤንትሬ የምንለው ያ ፊያት 682 ነው፤ ተሳቢውን እየጎተተ አገሩን ያቀና መኪና። ያን ጊዜ ከአሰብ ወደብ የተነሣ ጭነት በኮምቦልቻ አድርጎ፣ ይህንኑ የእኛን ቆላ አቋርጦ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው በጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ ነበር አዲስ አበባ የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ1967 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ አሰብ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ ተከፈተ። በ1997 ማጣሪያው ተዘጋ፤ በ1998 ጦርነቱ ሲነሣ ወደቡም ለእኛ ተዘጋ። ዛሬ ነዳጃችን የሚመጣው በጅቡቲ በኩል ነው። አጎቴ መሪውን ለቀቁ፤ የአሰብ መንገድን የበረሃ ትምህርት ግን አለቀቁም። በዚያ በረሃ ጋራዥ አልነበረም። ሞተር በመፍቻ ከመፈታቱ በፊት በጥያቄ ይፈታ ነበር።

እኔንም ጠየቁኝ።

«የምትጠፋው ዳገት ላይ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ቁልቁለት ላይስ?»

«ምንም አትል።»

«አፍንጫዋን ሽቅብ አድርገህ ስታሳድራት፣ ጠዋት እንዴት ናት?»

«እምቢ ትላለች። የእጅ ፓምፗን ደጋግሜ ካልተጫንኩ አትነሣም።»

«ከሥሯ ናፍጣ ይንጠባጠባል?»

«ጠብታ የለም ጋሼ። መስመሯ ደረቅ ነው።»

ይሄኔ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ነው ያሳተህ» አሉ። «ጠብታ ስትፈልግ ኖረህ ቀዳዳው አመለጠህ።»

ልብ በሉ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። እንደ እኔዋ ባለች አሮጌ የናፍጣ መኪና ሰልባትዮው ውስጥ ነዳጅ የሚገፋ ፓምፕ የለም። ሞተሩ ላይ ያለው ፓምፕ ራሱ ነው ከኋላ ድረስ የሚስበው፤ ልጅ ለስላሳ በስትሮ እንደሚጠጣ። ስትሮው ጎኑ ላይ ቢቀደድ ለስላሳው በቀዳዳው አይፈስም። አየር ይገባበታል እንጂ። ልጁ ይምጋል፣ ይምጋል፣ አፉ የሚደርሰው አረፋ ነው። የናፍጣ መሳቢያ ቱቦም እንደዚሁ ነው። ሲበሳ አያነባም፤ አየር ይጠጣል። ማታ ሲቆም ደግሞ በዚያች ቀዳዳ አየር ገብቶ ነዳጁ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጠዋት ፓምፑ ባዶ ቱቦ ይጠብቀዋል።

«ዳገት ላይ ለምን ባሰባት?» አልኳቸው። «ሽቅብ ስትወጣ ሰልባትዮው ከሞተሩ በታች ይወርዳል» አሉ፤ «ጭነት ስላለባትም ብዙ ነዳጅ ትፈልጋለች። ፓምፑ አጥብቆ ሲስብ ቀዳዳውም አጥብቆ አየር ይስባል።» እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት የማስታውሳትን ልጨምርላችሁ፦ ነዳጁን ከሰልባትዮ ወደ ቱቦው የሚገፋው የከባቢ አየር ግፊት ነው፤ ጣርማ በር ላይ ይህ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። ደካማው መስመር የሚጋለጠው እዚያ ነው።

አጎቴ ግን በቃል አላመኑም፤ ፈተኗት። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ንጹሕ ናፍጣ ሞልተው ከሞተሩ አጠገብ ጥፍር አድርገው አሰሩ፤ ከጀሪካኑ በአጭር ጎማ ቱቦ በቀጥታ ወደ ፊልትሮው አገናኙ። አሮጌውን መስመር ከጨዋታ አወጡት ማለት ነው። ዳገት ወጣን፤ አልጠፋችም። ቀጥሎ የመኪናዋን መስመር መልሰው ከፊልትሮው በፊት አንድ ክንድ የምታህል ብርሃን የምታሳልፍ ቱቦ አስገቡ። ሞተሩ ሲነሣ በቱቦዋ ውስጥ አረፋ እንደ ዶቃ ተከታትሎ ሲያልፍ በዓይኔ አየሁ። የማሾው ገንዘብ ትዝ አለኝ፤ ዝም አልኩ። ይህ የጀሪካን ፈተና ለናፍጣ ብቻ ነው፤ ቤንዚን በጋለ ሞተር አጠገብ በጀሪካን የሚያስር ሰው ሞቱን አሰረ።

በነጋታው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ የሮቢት ፀሐይ ብረቱን ሳታግለው፣ ግቢያቸው ውስጥ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ገባን። ባለቤታቸው ቡና ሊያፈሉ ከሰል አያይዘው ነበር። አጎቴ ገና መፍቻ ሳይነኩ «አንቺ፣ ምድጃሽን ከአጥሩ ወዲያ አድርጊልኝ» አሉ። «ናፍጣ እኮ ነው» አልኩ። «ናፍጣም በጋለ ብረት ላይ ሲረጭ ይነዳል። ዛሬ በናፍጣ የለመድከውን ነገ በቤንዚን ትደግመዋለህ» አሉ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሄዶ እሳቱን ራሱ ያገኘዋል። የቤንዚን መስመር ጉድጓድ ባለው ዝግ ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን ሜዳ ላይ የሚፈታው ለዚህ ነው።

የባትሪውን ኔጋቲቭ አወለቅን። ናፍጣውን በጀሪካን ቀዳን። ታኮ አደረግን፣ በክሪክ አነሣን፣ ከዚያ ሻሲውን በወፍራም ግንድ ላይ አሳረፍነው። «ክሪክ ማንሻ ነው፤ ማሳደሪያ አይደለም» አሉኝ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ራሴን እንድከት አልፈቀዱም።

ከዚያ በጀርባዬ ገባሁ። ከሰልባትዮው ተነሥተው ሻሲውን ተከትለው ወደ ሞተር የሚሄዱ ሁለት የብረት ቱቦዎች አሉ፦ መሳቢያው 8 ሚሊ ሜትር፣ መመለሻው 6። በየቦታው በመያዣ ተቆልፈዋል። በውጭ አገር እንዲህ ያለውን ቱቦ የሚበላው በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተን ጨው ነው። እኛ መንገድ ላይ ጨው አንበትንም። የእኛ በላተኛ ጭቃ ነው። በክረምት የሮቢን ወይም የጀውሃን ወንዝ ያቋረጠች መኪና ጭቃውን በየመያዣው ሥር ይዛ ትቀራለች። ውጪው ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይከርማል፤ ብረቱም በስውር ይበላል። ከኋላ አክሰል በላይ ያለውን መያዣ አውልቄ ጭቃውን በጥፍሬ ስፍቅ መሳቢያው ቱቦ እንደ ቅርፊት ተላጠ። ቀዳዳዋ እዚያ ነበረች።

እኔ ቸኩዬ «ይቺን ቆርጠን በጎማ እንቀጥላት» አልኩ። አጎቴ እምቢ አሉ። «አንዱን መያዣ ሥር የበላ ዝገት ሌላውንም ጀምሯል። ዛሬ እዚህ ትቀጥላለህ፣ በወሩ እዚያ ትቀጥላለህ፤ መጋጠሚያ በበዛ ቁጥር አየር መግቢያው ይበዛል።» እውነታቸውን ነው። ሌላ መኪና ገዝቶ መገላገልም ቀላል አይደለም፦ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል፤ በ2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። በእጃችን ያለችው አሮጌ መኪና ለብዙ ጊዜ አብራን ትኖራለች። በካላማዳሪያ ቁራጭና በሳሙና የተደፈነ መስመር እስከ ቤት ያደርሳል፤ ዕድሜ ግን አይገፋም።

አዲሱ ቱቦ ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ መጣ፤ ዝገት እንዳይዘው የተለበጠ ብረት። ፍሪጅ ጠጋኞች የሚሠሩበት መዳብ ይቀላል፣ በእጅም ይታጠፋል። ነገር ግን መዳብ በመኪና ንዝረት እየጠነከረ ሄዶ ይሰነጠቃል፤ ናፍጣንም ቶሎ ያበላሻል።

አሮጌውን ሳንቆርጥ በሙሉ ርዝመቱ አወጣነው፤ ሬሳው ናሙናችን ሆነ። መሬት ላይ አጋደምነውና አዲሱን ከጎኑ አስተኝተን እያንዳንዷን እጥፋት ቀዳንለት። በጉልበት ብቻ ያጠፉት ቱቦ ይጨፈለቃል፤ ስለዚህ በክብ እንጨት ላይ እያስደገፍን በቀስታ አጠፍን። በመጋዝ አልቆረጥንም፤ የብረት ብናኝ ወደ ፓምፑ ከሄደ ዕዳ ነው። በቱቦ መቁረጫ እያዞርን ቆረጥን፣ አፉን በሞረድ አስተካከልን፣ በንጹሕ ናፍጣ አጠብን፣ ጎሚስታው ጋ ወስደን በነፋስ አስነፋን። ከጎማ ቱቦ ጋር በሚጋጠምበት ጫፍ ላይ ትንሽ ከንፈር አወጣንለት፤ ጎማው ከንፈሩን አልፎ ገብቶ ፋሼታው ከኋላው ሲጠብቅ አይሾልክም። ጎማውም ለነዳጅ የተሠራው ነው፤ የውሃ ጎማ በናፍጣ ያብጣል። አዲሱን ከማርሚታው አራቅነው፤ በየመያዣው ሥር ላስቲክ አለበስነው።

የቤንዚን መኪና ያላችሁ ግን ይህን ስሙ። ኢንጀክሽን ባለው ቤንዚን መኪና ፓምፑ ሰልባትዮው ውስጥ ሆኖ ከጎማ ነፋስ በበለጠ ግፊት ይገፋል፤ ሞተሩ ጠፍቶም ግፊቱ መስመሩ ውስጥ ይቆያል። ግፊቱን ሳያስወጣ የሚፈታ ሰው ቤንዚን ፊቱ ላይ ይረጭበታል። በዚያ መስመር ተራ ጎማና ፋሼታ አይገባም፤ የራሱን ቱቦና መጋጠሚያ ይፈልጋል።

የመጨረሻው ሥራ አየር ማስወጣት ነበር። የእጅ ፓምፗን እስክትጠነክር ተጫንኩ፤ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚሄዱትን ቱቦዎች ዳዶ ትንሽ አላልተን ሞተሩን አዞርን፤ ናፍጣው ያለ አረፋ ሲመጣ አጠበቅን። ተነሣች። ብርሃን በምታሳልፈው ቱቦ ውስጥ ናፍጣው ጥርት ብሎ፣ የቆመ እስኪመስል አለፈ። ያቺንም ቱቦ አውጥተን መስመሩን በቋሚው ገጠምነው። አጎቴ ቡናው እንዲመጣ ፈቀዱ፤ ምድጃው ግን ከአጥሩ ወዲያ ቀረ።

በሦስተኛው ሌሊት ሽንኩርት ጭነን አብረን ወጣን። አርማንያን አለፍን። ያን ድንጋይ ስናልፍ ልቤ ደነገጠ፤ ሞተሩ ግን ድምፁን እንኳ አልለወጠም። ደብረ ሲና ቀረች፣ ብርዱ መጣ፣ አጎቴ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። የዋሻው አፍ ላይ «አቁም» አሉኝ። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ጋቢያቸውን መቀመጫው ላይ ትተው ወረዱ፤ ታኮ መደረጉን አይተው ከመኪናዋ ጎን ተንበረከኩና እጃቸውን ወደ ሥሯ ሰደዱ። የመመለሻውን ቱቦ፣ ሲበሳ የሚያንጠባጥበውን፣ ከመጋጠሚያው ጀምረው እጃቸው እስከሚደርስበት ዳሰሱት። ከዚያ ተነሥተው በመብራቱ ፊት መዳፋቸውን ዘረጉልኝ።

አቧራ ብቻ ነበረው።

«መሳቢያውን ዳገቱ መሰከረለት። ይኼኛውን ደግሞ እጄ» አሉኝ። «አሁን ንዳ።»