ከሮሃ እስከ ኢየሩሳሌም

ከቦሌ ተነሥቶ ላሊበላ የሚያርፍ አውሮፕላን በሰማይ የሚያቋርጠው ርቀት 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። በደሴና በወልድያ በኩል በመኪና የሚጓዝ ሰው ግን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠብቀዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም አንድ ሌሊት መንገድ ላይ ያድራል። አሞራ የሚያውቀውን መንገድ እግረኛ አያውቀውምና፣ የወሎና የላስታ ተራሮች ልዩነቱን ያሰፉታል።

የርቀት ነገር ግን በላስታ ዛሬ የተጀመረ ጥያቄ አይደለም። እንዲያውም ከተማይቱ ራሷ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠች መልስ ናት። ትውፊቱ እንደሚተርከው፣ ንጉሥ ላሊበላ ዐለቱን ያስፈለፈለው ኢየሩሳሌም ድረስ መሄድ ላልቻለ ምእመን ቅድስቲቱን ከተማ በደጁ ሊያቆምለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1187 ሳላዲን ኢየሩሳሌምን መያዙንም ብዙዎች ከዚህ ጋር ያያይዙታል። ከሮሃ እስከ ኢየሩሳሌም በቀጥታ ቢለካ 2,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለጄት የጥቂት ሰዓታት ጉዳይ፣ ለዚያ ዘመን ተሳላሚ ግን በረሃና ባሕር፣ ንዳድና ሽፍታ የተጋረጡበት የወራት መንገድ። ንጉሡ መንገዱን ማሳጠር አልቻለም፤ ስለዚህ መድረሻውን አቀረበው። ወንዙ ዮርዳኖስ፣ ተራራው ደብረ ዘይት፣ ቤተ መቅደሱም ቤተ ጎልጎታ ተባለ።

በአንጻሩ ከሩቅ የመጣውን እንግዳ እናስበው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከልዑካኑ ጋር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1520 ምጽዋ ደርሶ፣ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር ያየው በጥቅምት ነው። በበቅሎና በእግር ስድስት ወር ማለት ነው! በኋላም ላሊበላን አይቶ ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ጻፈ፤ አንባቢ እንዳያምነው ሰግቶም እውነት ለመናገሩ በእግዚአብሔር ስም ማለ። መጽሐፉ ሊዝበን ላይ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1540 ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ አክሱምም፣ ጎንደርም፣ ላሊበላም የሰዓት ጎረቤቶች ሆኑ። ሆኖም ይህ ጉርብትና የሚጸናው ሰላም ሲኖር ብቻ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ጦርነቱ ላሊበላ ሲገባ በረራው ተቋረጠ፣ ስልኩም ዝም አለ። 330ው ኪሎ ሜትር አንዲት ክንድ አልጨመረም፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ተቀምጦ እናቱን ለሚያስብ የላስታ ልጅ፣ ላሊበላ ከኢየሩሳሌም ይልቅ ራቀች።

ለገና በዓል ከየአውራጃው በእግሩ የሚመጣው ምእመን ግን ዛሬም አለ። በሶውን በስልቻ ቋጥሮ፣ በትሩን ይዞ፣ ቀናትን ተጉዞ ይደርሳል። አውሮፕላኑ ከበላዩ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ከዚያም መንገዱን ይቀጥላል። ስንት ሰዓት ቀረህ ብትሉት ሰዓቱን አይነግራችሁም፤ የሚቀጥለውን ተራራ በበትሩ ያሳያችኋል።