ሳቅና ሌብነት፦ አንድ የእንግሊዝ የዝርፊያ ፊልምና የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል

ሌባ በአማርኛ ሥነ ቃል ውስጥ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል የሚናቅና የሚረገም ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ የሚያስቅ ነው። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» የሚለውን ተረት የሚሰማ ሰው ከቁጣ ይልቅ ፈገግታ ይቀድመዋል። «ሌባ ተይዞ ዱላ ፍለጋ» ሲባልም የሚሳቅበት ሌባው ሳይሆን ያዡ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሳቅ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድና የት ላይ እንደሚቆም መመርመር ነው። ለዚህም ሁለት ታሪኮችን ጎን ለጎን አቀርባለሁ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር የተሠራው «ዘ ላቨንደር ሂል ሞብ» የተባለ አስቂኝ የዝርፊያ ፊልም ነው። ሁለተኛው በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው የአፍሮ አይገባ መስቀል ታሪክ ነው። «እነዚህን ምን ያገናኛቸዋል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። መልሱ ባጭሩ ወርቅ፣ ድንበርና የቱሪስት ሻንጣ ነው፤ ዝርዝሩ ከዚህ ይከተላል።

ፊልሙን የሠራው የለንደኑ ኢሊንግ ስቱዲዮ ነው። ደራሲው ቲ. ኢ. ቢ. ክላርክ፣ አዘጋጁ ቻርልስ ክራይተን፣ ዋናው ተዋናይ አሌክ ጊነስ ናቸው። ሆላንድ የተባለው ገጸ ባሕርይ ለዓመታት የባንክ ወርቅ ሲያጅብ የኖረ፣ ትሑትና ጠንቃቃ፣ አለቆቹ እንኳ ልብ የማይሉት ጸሐፊ ነው። ወርቁን መስረቅ ለእርሱ ከባድ አይደለም፤ ያስቸገረው ከአገር ማውጣቱ ነው። አንድ ቀን ግን እርሱ በሚኖርበት ቤት ፔንድልበሪ የሚባል አዲስ ተከራይ ይገባል። የፔንድልበሪ ሙያ ብረት እያቀለጠ ለቱሪስት የሚሸጡ የማስታወሻ ዕቃዎችን መሥራት ነው። ሆላንድ ወዲያው መላው ይበራለታል። ሁለት ልምድ ያላቸው ሌቦች ጨምረው ወርቁን ይዘርፉታል፤ አቅልጠውም በትናንሽ የኤፍል ማማ ቅርጽ አውጥተው ወደ ፓሪስ ይልኩታል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ሳቅ ነው። ከማማዎቹ ስድስቱ በስሕተት ለእንግሊዝ ተማሪ ልጃገረዶች ይሸጣሉ፤ ሁለቱ ሽማግሌ መሰል ሌቦችም ስድስት አሻንጉሊት ለማስመለስ ባሕር ተሻግረው ይሯሯጣሉ።

ተመልካቹ ፊልሙን በደስታ ነበር የተቀበለው። ለዚህም ምክንያት ነበረው። ጦርነቱ ካበቃ ገና ስድስት ዓመቱ ነው፤ በእንግሊዝ አገር የምግብ ራሽን እስከ 1954 እ.ኤ.አ. አልቀረም ነበር። በፊልሙ ውስጥ የሚታየው የለንደን ፍርስራሽም የተመልካቹ የየዕለት መንገድ ነበር። በተሰጠው እየኖረ ሕግ ሲያከብር የከረመ ሕዝብ፣ እንደ ራሱ ያለ አንድ ምስኪን ጸሐፊ ሕጉን ለአንዴ ዘሎ ሲሄድ ማየቱ አስደስቶታል። ፊልሙ በእንግሊዝ የዓመቱ ምርጥ የአገር ውስጥ ፊልም ተብሎ ተሸለመ፤ ክላርክም ለድርሰቱ የአሜሪካኑን ኦስካር አገኘ። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። ሲኒማ መቶ ዓመት በሞላው በ1995 እ.ኤ.አ. ቫቲካን ሊታዩ ይገባቸዋል ያለቻቸውን 45 ፊልሞች ስትዘረዝር፣ «አትስረቅ» የምትለው ቤተ ክርስቲያን ይህን የሌቦች ፊልም ከነዚያ መካከል አስገብታዋለች።

በበኩሌ ፊልሙን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ በየጊዜውም ስቄአለሁ። ሳቁን የሚፈቅዱልኝ ሦስት ነገሮች እንደሆኑ ይታየኛል። አንደኛ፣ ማንም አይሞትም፤ ጠመንጃ የያዘ ክፉ ሰው የለም። ሁለተኛ፣ ሌባው መጨረሻ ላይ ይያዛል። ሆላንድ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ተቀምጦ ታሪኩን ሲያጫውት ከቆየ በኋላ፣ ሲነሣ እጁ ከአድማጩ እጅ ጋር በካቴና እንደታሰረ እናያለን። ሦስተኛውና ዋናው፣ የተሰረቀው ነገር ስም የለውም። የባንክ ወርቅ ቢቀልጥ ያው ወርቅ ነው፤ ጡብ ቢሆን፣ ማማ ቢሆን ዋጋው አይለወጥም። የሚያለቅስለትም የለም። በድሮው አማርኛ ቅርስ ማለት የተጠራቀመ ጥሪት ነበር፤ የባንኩ ወርቅ በዚህ ትርጉሙ ብቻ ቅርስ ሊባል ይችላል። ዛሬ ቃሉ ለያዘው ትርጉም ግን፣ ማለትም ከአባቶች የተላለፈና ምትክ ለሌለው ነገር፣ ጨርሶ አይስማማም።

አሁን ወደ ላስታ እንምጣ። አፍሮ አይገባ ትውፊት ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ጋር የሚያያይዘው፣ ሰባት ኪሎ ያህል ይመዝናል የሚባል የወርቅ መስቀል ነው። የሚገኘውም ከአሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ትልቁ በሆነው በቤተ መድኃኔ ዓለም ነው። ሕሙማን ይዳሰሱበታል፤ ተሳላሚ ይባረክበታል። ስሙን በሰዋስው ዓይን ብናየው ራሱን የቻለ ዐረፍተ ነገር ነው። «አፍሮ» ከ«አፈረ» የወጣ ቦዝ አንቀጽ ነው፤ «አይገባ» ደግሞ በግጥምና በስም ላይ እንደተለመደው መጨረሻው «ም» የቀረለት አሉታ ነው። መግባት ማለት እዚህ ላይ ወደ ቤት መመለስ ነው። እንግዲህ ስሙ «ለምኖ የመጣ አፍሮ ወደ ቤቱ አይመለስም» የሚል ቃል ኪዳን ነው። ይህ ወርቅ ቢቀልጥ የሚጠፋው ብረቱ ሳይሆን ቃል ኪዳኑ ነው።

መስቀሉ በ1989 ዓ.ም. ጠፋ። ከአገር ወጥቶ በአንድ ቤልጅጋዊ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ወደ ቦታው ተመለሰ። ሰብሳቢው 25,000 ዶላር ካሳ እንደተከፈለው በወቅቱ ተነግሯል። የታሪኩን አካሄድ ከፊልሙ ጋር ብናስተያየው መመሳሰሉ ግልጽ ነው። የከበረ ዕቃ የሚጠብቀው ቤት አለ፤ ድንበር አለ፤ ከድንበሩ ማዶ የሚጠብቅ ገዥ አለ። ልዩነቱ የለንደኖቹ ሌቦች ወርቁን የማይረባ የቱሪስት ዕቃ አስመስለው ማውጣታቸው ነው። ከኛ አገር የሚወጣውን ግን ማስመሰል እንኳ አያስፈልግም፤ በውጭ ገበያ የሚፈለገው መልኩ፣ ጥንታዊነቱና ቅድስናው ራሱ ነውና። አንድ መስቀል በቤተ መቅደስ ውስጥ መስቀል ነው፤ በሰብሳቢ መስታወት ውስጥ ጌጥ ይሆናል። ሳይቀልጥ ቀለጠ ማለት ይህ ነው።

ይህን ካሰብኩ ወዲህ ፊልሙን ሳይ አንድ ትዕይንት ላይ ሳቄ ይቋረጣል። ሁለቱ ሰዎች ልጃገረዶቹ ወዳሉበት መርከብ ለመድረስ ሲጣደፉ ጉምሩክ ያዘገያቸዋል። የለንደን ተመልካች እዚያ ላይ «ምነው በለቀቃቸው!» ይላል። የላስታ ሰው ግን «ምነው በያዛቸው!» ማለቱ አይቀርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክለው ለዚህ ነው። በፊልም ውስጥ የሚያሰለቸው ፈታሽ በላሊበላ ታሪክ ውስጥ የሚናፈቀው ሰው ነው።

ነገሩን ለማስፋት ያህል፣ የእንግሊዝና የወሎ የዝርፊያ ታሪክ ከዚህ ፊልም በፊት መጀመሩን ማስታወስ ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን፣ በተለይም በዚያ የነበረውን የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ዘረፈ። ንብረቱ በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ከላስታ በስተደቡብ ወዳለው የደላንታ ሜዳ ተወሰደ። እዚያም ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ፤ ገንዘቡ ለወታደሮች ተከፋፈለ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ከዋና ገዥዎች አንዱ ነበር። ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ወደዚያ ሙዚየም ገብተዋል። ምስኪኑ ሆላንድ ወርቁን በአሻንጉሊት ውስጥ ደብቆ በድንጋጤ ይሮጣል፤ የደላንታዎቹ ግን ዝሆን ጭነው፣ ዋጋ እየጠሩ፣ ሒሳብ እየጻፉ ነው የሠሩት። ክላርክ ይህን በፊልም ቢጽፈው ኖሮ ተመልካቹ «አያሳምንም» ይለው ነበር ብዬ እገምታለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ፊልም ጨዋታ ነው፤ ጨዋታን በቤተ መቅደስ ሚዛን መመዘን ምን ይባላል?» የሚል ሰው ይኖራል። ተቃውሞው ሚዛናዊ ነው። እኔም ፊልሙ ይወገዝ አልልም፤ ጥሩ ቀልድ ነውና። የብራና መጻሕፍቶቻችን መጨረሻ ላይ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል የተለመደ ቃል ይገኛል። ይህ ግዝት ለመጽሐፍ እንጂ ለባንክ ጡብ አልተጻፈም። አባቶች ሁለቱን ለይተው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ስለ ዳቦ ሌባ ተርተው ስቀዋል፤ የመጽሐፍን ሌባ ግን አውግዘዋል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ሳቁን የሚወስነው የሌባው ጠባይ ብቻ ሳይሆን የተሰረቀው ነገር ምንነት ነው። ፊልሙ የሚያስቀን ወርቁ ስም የለሽ በመሆኑና ሆላንድም በካቴና በመታየቱ ነው። በአፍሮ አይገባ ታሪክ ወርቁ ስም አለው፤ ገንዘብ የተቀበለው ደግሞ ዕቃው በእጁ የተገኘው ሰው ነው። የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት ሳያውቅ ለገዛ ሰው ተገቢ ካሳ እንዲከፈል ይላል፤ ሕጉ ሕግ ነው፤ መስቀሉ በዚህ መንገድ መመለሱም መልካም ነው። ነገር ግን የመስቀሉን ስም በአማርኛ የሚያነብ ሰው ሒሳቡ እንዳልተዘጋ ይገባዋል። መስቀሉ ወደ ቤቱ ገብቷል፤ ያፈረ ሰው ግን እስካሁን አልታየም።