ፍሬው ለእኛ፣ ጭዱ ለበሬው

ቁርኣን በሱረቱ ዐበሰ ሰው ወደ ምግቡ እንዲመለከት ያዛል፤ ዝርዝሩም ከእህል ተነሥቶ በእንስሳት መኖ ያበቃል። በሞጆ ዙሪያ የጤፍ አውድማ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። ፍሬው ለእኛ ነው፤ ጭዱ (ለግድግዳ ጭቃ ከሚቦካው በቀር) ለበሬው። በሬውም በልቶ ለከርሞ ያርሳል።

በሬው ሲጠፋስ? በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር «ደስታ» የሚባለው በሽታ ገባ፤ ለመዓት እንዲህ ያለ ስም! ከአሥር ከብት ዘጠኙ ያህል አለቀ ይባላል። የሚጠምደው ያጣ ገበሬ መሬቱ ጦም አደረ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ይነገራል። እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ይህ ዘመን «ክፉ ቀን» ተባለ። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

የሞጆን የኤክስፖርት ቄራዎችም በዚህ ዓይን እዩዋቸው። ወደ ዐረብ አገሮች የሚጫነው ሥጋ በቦረናና በሌሎች ቆላዎች ቁጥቋጦ ቀንጥቦ ያደገ ፍየልና በግ ነው። አርብቶ አደሩም ፍየሉን ሸጦ እህል ይሸምታል። በ1993 ዓ.ም. መባቻ በሳዑዲና በየመን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ተነሥቶ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የአፍሪካ ቀንድን እንስሳት ሲያግዱ፣ ፍየሉ በበረት ሳለ እህል ከቤቱ ጠፋ።