አጭር ሥልጠናና ረዥም ልኬት፤ የተፈጥሮ አካባቢ አያያዝ ትምህርት በምዕራብ ጎጃም

የተፈጥሮ አካባቢን አያያዝ ለባለሙያዎች በአጭር ጊዜ የማስተማር ልማድ በዓለም ላይ ረዥም ዕድሜ የለውም። የተባበሩት መንግሥታት በ1972 በስቶክሆልም ስለ ሰው ልጅ አካባቢ ጉባኤ አደረጉ፤ በዚያው ዓመትም የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራማቸውን አቋቋሙ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ይኸው ፕሮግራም ከዩኔስኮ ጋራ በመተባበር በ1977 በምሥራቅ ጀርመን፥ በድሬስደን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ፥ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የሚሰጥ ትምህርት አስጀመረ። ከብዙ ወራቱ ትምህርት ሌላ በጥቂት ሳምንታት የሚያልቁ አጫጭር ሥልጠናዎችም በኋላ ተጨመሩበት። ሁለቱ ጀርመኖች በ1990 ሲዋሐዱም ሥራው አልተቋረጠም።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ፥ እንዲህ ያለው ሥልጠና ለምዕራብ ጎጃም ምን ሊሰጥ ይችላል፥ ምንስ ሊሰጥ አይችልም የሚል ነው። ሥልጠናውን አንዳንዶች የችግር ሁሉ መፍትሔ ያደርጉታል፤ ሌሎች ደግሞ ከመንገድ አበልና ከምስክር ወረቀት ያለፈ ፍሬ የለውም ይላሉ። የአገራችን ታሪክ ግን ከሁለቱም የተለየ መልስ ይሰጣል።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት የደምበጫን አካባቢ መመልከት ይበቃል። ጌቴ ዘለቀና ሐንስ ሁርኒ በ2001 ባሳተሙት ጥናት የቀድሞውን የመሬት ሁኔታ ከአየር ፎቶግራፍ እያነበቡ ከኋለኛው ጋራ አስተያይተውታል። የተፈጥሮ ደን በ1957 ከመሬቱ 27 በመቶውን ይሸፍን ነበር፤ በ1982 ወደ 2 በመቶ ወረደ፤ በ1995 የቀረው 0.3 በመቶ ብቻ ነው። የሚታረሰው መሬት በአንጻሩ ከ39 በመቶ ተነሥቶ 77 በመቶ ደረሰ። ይህን በገበሬው ስንፍና ማሳበብ አይገባም። ሕዝቡ ሲበዛ ጎጆ የሚወጣው ልጅ የሚያርሰው መሬት ከደኑና ከዳገቱ በቀር ሌላ አልተገኘለትም። ዳገት ሲታረስ ግን ክረምት አፈሩን ይዞት ይወርዳል።

የሚወርደው አፈር ምን ያህል እንደ ሆነ በግምት ሳይሆን በልኬት ለማወቅ፥ የግብርና ሚኒስቴርና የስዊስ የበርን ዩኒቨርሲቲ በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክትን ጀመሩ። መሪው ሐንስ ሁርኒ ነበር። በልዩ ልዩ አውራጃዎች ከተቋቋሙት ጣቢያዎች አንዱ ከደምበጫ በስተ ሰሜን የሚገኘው አንጀኒ ሲሆን፥ ሥራውን የጀመረው በ1984 ነው። ተፋሰሱ ከ113 ሄክታር ብዙም አይበልጥም፤ ዝናቡ ግን በዓመት በአማካይ ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ስፍራ ዝናቡ ይለካል፤ የወንዙ ከፍታ ይመዘገባል፤ ከድፍርሱ ውሃ እየተቀዳ ደለሉ ይመዘናል፤ የማሳውም ምርት ይጻፋል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ፍሬውም በአንድ ክረምት አይታይም።

በ1986 በአንጀኒ ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ተሠራ። ቃሉ የስዋሂሊ ነው፤ ትርጓሜውም ወደ ላይ መወርወር ማለት ሲሆን፥ ከቦዩ የሚወጣው አፈር ወደ ዳገቱ ወገን እየተጣለ ክትር ይሆናል። በኬንያ የታወቀ ዘዴ ነው። እንግዲህ ዘዴው ከውጭ አገር በቀላሉ መጣ ማለት ነው። ለጎጃም ዝናብና አፈር ይስማማ እንደ ሆነ የመሰከረው ግን የጣቢያው መዝገብ ነው። ካርል ሄርቬግና ኤቫ ሉዲ በ1999 ከአንጀኒና ከሌሎች ጣቢያዎች መዝገብ አውጥተው እንዳሳዩት፥ እንዲህ ያሉ ሥራዎች የአፈሩን መታጠብ በብዙ ቀንሰዋል፤ ምርቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አልጨመረም። ክትሩ ራሱ ከማሳው ቦታ ይወስዳል፤ ዝናብ በሚበዛበት አገርም ውሃ ከክትሩ በላይ ይተኛል። የጎጃም ገበሬ ከጥንት ጀምሮ በማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው የተረፈውን ውሃ ለማስወገድ ነው። ስለዚህ እርከኑን በጥርጣሬ ያየው ገበሬ ያለ ምክንያት አልተጠራጠረም።

ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የሚገኘው ግን በሌላ ስፍራ ነው። በዚያው በ1986 ሁርኒ ለልማት ሠራተኞች የሚሆን የአፈር ጥበቃ መመሪያ አሳተመ። መመሪያው አገሩን የሚከፍለው ገበሬው በሚያውቃቸው ስሞች ነው፤ ይኸውም ቆላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋና ውርጭ እያለ፥ በዚያም ላይ የዝናቡን መጠን እየጨመረ፥ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ሥራ ያመለክታል። የልማት ሠራተኛው በጥቂት ቀን ሥልጠና የሚቀበለው ትምህርት በገበሬው ቋንቋ ተመድቦ፥ በጣቢያዎቹ ልኬት ተደግፎ ቀረበለት ማለት ነው። ሥልጠናው አጭር ቢሆንም ከበስተ ኋላው ረዥም ሥራ ነበረ።

ይህን ስንል የውጭውን ሥልጠና ለመናቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1995 የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን አቋቋመች፤ በ1997 የአካባቢ ፖሊሲ አጸደቀች፤ በ2002 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን በአዋጅ አስገዳጅ አደረገች። አንድ ፋብሪካ ወይም አንድ ግድብ ከመሠራቱ በፊት የሚያስከትለው ጉዳት እንዴት እንደሚመረመር የብዙ አገሮች የጋራ ሥርዓት ነው። እንዲህ ያለውን ሥርዓት ባለሙያው በአራት ሳምንት ሊማር፥ ከሌላ አገር ባልንጀራውም ጋራ ሊመካከርበት ይችላል። የአንድ ተፋሰስ ጠባይ ግን በድሬስደን አዳራሽ አይገኝም።

ልዩነቱ ዛሬ በመራዊ ጎልቶ ይታያል። የግልገል ዓባይ ገባር በሆነው በቆጋ ወንዝ ላይ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር የተሠራው ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ የታቀደ ነው። የፕሮጀክቱ ስም መስኖንና የተፋሰስ አያያዝን አንድ ላይ ያጣመረው በከንቱ አይደለም፤ ከበላይ ያለው ዳገት አፈሩን ከለቀቀ ደለሉ የሚያርፈው በኩሬው ውስጥ ነውና። በታች የሚያጠጣው ገበሬ ኑሮ በላይ በሚያርሰው ገበሬ ማሳ ላይ ተመሥርቷል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይከተላል። ወደ ውጭ አገር ለአጭር ሥልጠና የሚላክ ባለሙያ የሚሠራበትን ተፋሰስ መዝገብ ይዞ ቢሄድ፥ ሲመለስም ያገኘውን ዘዴ በዚያው መዝገብ ላይ ቢፈትን ትምህርቱ ፍሬ ይሰጣል። ሁለተኛውና ዋናው፥ እንደ አንጀኒ ያሉ ጣቢያዎች ልኬታቸው አንድ ክረምት እንኳ እንዳይቋረጥ መጠበቅ ነው። ያመለጠ ሥልጠና በሚቀጥለው ዓመት ሊገኝ ይችላል፤ ሳይለካ ያለፈ ክረምት ግን አይመለስም።