ከተቅማጥ እስከ ኩላሊት፤ የኢ. ኮላይ ኦ157 ታሪክ

በሕክምና ታሪክ የአንድ በሽታ ገጽታ ታውቆ ሳለ ምክንያቱ ለብዙ ዘመን ተሰውሮ የኖረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በምግብ አማካይነት ሕፃናትን የሚያጠቃው የኢ. ኮላይ ኦ157 ታሪክ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1955 የስዊዘርላንዱ ሐኪም ኮንራድ ጋሰርና ባልደረቦቹ በአምስት ሕፃናት ላይ የተመለከቱትን ሕመም ገለጹ። ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈራርሳሉ፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕላትሌቶች ይመነምናሉ፤ ኩላሊትም ሥራውን ያቆማል። ሕመሙ ሄሞሊቲክ ዩሪሚክ ሲንድሮም ተባለ። ስሙ ተገኘ እንጂ ምክንያቱ አልተገኘም።

በ1977 በካናዳ ኮኖዋልቹክና ባልደረቦቹ፣ አንዳንድ የኢ. ኮላይ ዝርያዎች የጦጣ ኩላሊት ሕዋሳትን የሚገድል መርዝ እንደሚያመነጩ አሳዩ። በ1982 ደግሞ በአሜሪካ፣ በኦሬገንና በሚሺጋን፣ ሀምበርገር የበሉ ሰዎች ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያዛቸው፤ በምርመራውም ኦ157 ተገኘ።

በየፊናቸው የቆዩትን እነዚህን ግኝቶች ያገናኘው የቶሮንቶው ካርማሊ ነው። በ1983 እርሱና ባልደረቦቹ በዚህ የኩላሊት ሕመም በተያዙ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ መርዙንና መርዙን የሚያመነጨውን ኢ. ኮላይ አገኙ። መርዙም ጃፓናዊው ኪዮሺ ሺጋ በ1897 ያገኘው የተቅማጥ ባክቴሪያ ከሚያመነጨው መርዝ ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳለው ታወቀ።

ይሁን እንጂ ዕውቀቱ ወዲያው ወደ ማእድ ቤት አልደረሰም። ባክቴሪያው በከብት አንጀት ውስጥ ከብቱን ሳይጎዳ ይኖራል፤ በእርድ ጊዜ የሥጋውን ገጽ ይበክላል፤ ሥጋው ሲፈጭም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ስለዚህ ላይ ላዩን መጥበስ አይበቃም። በ1993 በምዕራብ አሜሪካ በሚገባ ያልበሰለ ሀምበርገር ከ700 በላይ ሰዎችን አሳመመ፤ 4 ሕፃናትም ሞቱ። መንግሥት ይህ ባክቴሪያ የተገኘበት የተፈጨ ጥሬ የበሬ ሥጋ እንዳይሸጥ የወሰነው በ1994፣ ከዚህ ሐዘን በኋላ ነበር።

ይህ ታሪክ ለሙያ ባልደረቦች የሚተወው ትምህርት ግልጽ ነው። የኩላሊቱ ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚታየው ተቅማጡ ከጀመረ ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ወላጆች ልጁ ተሻለው በሚሉበት ሰዓት ነው። ይህ ባክቴሪያ ሲጠረጠር አንቲባዮቲክና ተቅማጥ ማቆሚያ መድኃኒት ጉዳቱን ሊያባብሱ ስለሚችሉ በችኮላ ሊታዘዙ አይገባም። ሕፃኑ ምን እንደበላ መጠየቅ፣ ሰገራውን ማስመርመርና የሽንቱን መጠን መከታተል ግን ከማንኛውም ባለሙያ የሚጠበቅ ተግባር ነው። በአልጋው አጠገብ ያለው ሐኪም፣ የላቦራቶሪው ባለሙያና የሥጋ ተቆጣጣሪው ያዩትን ለየብቻቸው ከያዙት፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሕፃኑ ነው።