የነፍሰ ጡር ሴት ሥራና የመውለጃ ቦታ ምርጫ
በኢትዮጵያ የታየው የታሪክ ሂደት

አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት የት እንደምትወልድና ማን እንደሚያዋልዳት የሚወሰነው ምጥ በያዛት ሰዓት ይመስላል። በመሠረቱ ግን ውሳኔው የሚጀምረው ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። ለመመርመርም ሆነ የመውለጃዋ ቀን ሳይደርስ ወደ ጤና ድርጅት ለመቅረብ ከሁሉ አስቀድሞ ጊዜ ያስፈልጋታል፤ ጊዜዋ ደግሞ በሥራ የተያዘ ነው። ስለዚህ የወሊድ አገልግሎት ታሪክ የሐኪምና የአዋላጅ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የሥራና የዕረፍት ታሪክም ጭምር መሆኑን መገንዘብ ይገባል።

በባህል የተሰጠ ዕረፍት

በገጠሩ ኅብረተሰብ ዘንድ ለወላድ ዕረፍት አልነበረም ለማለት አይቻልም። በአማራው ገጠር በብዙ ቦታ አንዲት ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው ወደ ወላጆቿ ቤት ተመልሳ ነው። የልማዱ ዓላማ በምጧ ጊዜ እናቷ ከአጠገቧ እንድትገኝ ቢሆንም፣ ከባሏ ቤት ሥራም ለጥቂት ጊዜ ያላቅቃታል። ከወለደችም በኋላ አራስ ተብላ ትጠበቃለች፤ ገንፎ ይገነፋላታል፤ ውሃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙና እህል መፍጨቱ ለጊዜው የዘመድና የጎረቤት ድርሻ ይሆናል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድም ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና የሚነሡበት ሥርዓት ለዚህ ጊዜ የታወቀ ወሰን አበጅቶለታል።

ይሁን እንጂ ይህ ዕረፍት በአመዛኙ የሚጀምረው ከወሊድ በኋላ ነው። ከሁለተኛው ልጅ ጀምሮ ሴቲቱ በራሷ ቤት ስለምትወልድ፣ ሥራዋን የምታቆመው ምጡ ሲጠናባት ነው። በዚያን ሰዓት በቅርብ የምትገኘው ረዳት ደግሞ የልምድ አዋላጅ ወይም ጎረቤት ናት። እንግዲህ የመውለጃውን ቦታ የመረጠው ልማድ ብቻ አይደለም፤ ከወሊድ በፊት ነፃ የሆነ ጊዜ አለመኖሩም ነው።

በሕግ የተሰጠ ዕረፍት

ከወሊድ በፊት ያለው ጊዜ በሕግ እንዲከበር የተደረገው በመጀመሪያ ለደመወዝተኛዋ ሴት ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በዋሽንግተን የተሰበሰበው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤ ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 3፣ በኢንዱስትሪና በንግድ ድርጅት የምትሠራ ሴት ከወለደች በኋላ ለ6 ሳምንት ወደ ሥራ እንዳትገባ ከለከለ፤ በ6 ሳምንት ውስጥ እንደምትወልድ የሕክምና ማስረጃ ስታቀርብም ከሥራ የመቅረት መብት ሰጣት። ከዚህም ሌላ መተዳደሪያ ገንዘብ እንድታገኝና ሐኪም ወይም የተመሰከረላት አዋላጅ ያለ ክፍያ እንድትረዳት ደነገገ። በዚህ ሰነድ ዕረፍት፣ ገንዘብና የወሊድ ርዳታ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ተያይዘው መገኘታቸው ትልቅ ትርጉም አለው፤ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ዋጋቸው ይቀንሳልና።

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። በአገሪቱ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 42/1985 ለሠራተኛዋ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 60 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ተሰጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የወሊድ ፈቃድን ከሙሉ ደመወዝ ጋር የሴቶች መብት አደረገው። አዋጅ ቁጥር 377/1996 የቀድሞውን የቀን ብዛት ሲጠብቅ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለውን ወደ 90 ቀን ከፍ አደረገው። በዚሁ ሕግ መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለምርመራ የምትሄድበት ጊዜ ይከፈልበታል፤ መመርመሯን የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ግን ማቅረብ አለባት።

ይህ የማስረጃ ግዴታ ከጽሕፈት ቤት ሥርዓት ያለፈ ውጤት አለው። ፈቃዱ ከምርመራ ጋር ስለተቆራኘ፣ ደመወዝተኛዋ ከሐኪም ወይም ከአዋላጅ ነርስ ጋር የምትተዋወቀው ምጥ ሳይመጣባት ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከወሰኑ ውጭ ስላደረገ፣ የቤት ሠራተኛዋ በዚህ ጥበቃ አልታቀፈችም። በከተማ የደመወዝተኛዋን የቤት ሥራ ብዙ ጊዜ የምትሸፍንላት ሴት፣ ራሷ በምታረግዝበት ጊዜ ተመሳሳይ ፈቃድ የላትም ማለት ነው።

የእናቶች ማቆያ

የሥራ ሕግ የማይደርስላት የገበሬ ሚስት ከወሊድ በፊት ጊዜ እንድታገኝ የታሰበበት አንዱ መንገድ የእናቶች ማቆያ ነው። በጉራጌ አገር በወልቂጤ አቅራቢያ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 እንዲህ ያለውን ማረፊያ አቋቋመ። በቀዶ ጥገና የወለዱ፣ መንታ ያረገዙና ሌላ ሥጋት ያለባቸው ሴቶች በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በሆስፒታሉ ግቢ እንዲቆዩ ተደረገ።

እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ያለው መዝገብ ሲመረመር፣ በማቆያው ከቆዩት መካከል የሞቱት እናቶች በ100,000 ሕያው ወሊድ 90 ገደማ ሲሆኑ፣ ሳይቆዩ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። በእርግጥ ከኋለኞቹ ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ስለሆኑ፣ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ውጤት ነው ለማለት አይቻልም። ሆኖም ቀድሞ መድረስ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል።

ቀድሞ ለመድረስ ግን ሥራን ትቶ መምጣት ያስፈልጋል። በእንሰት አገር እንሰቱን የምትፍቀውና ቆጮውን የምታዘጋጀው ሴት ናት። ከዚያም ሌላ ልጆችና ከብቶች ይጠብቋታል። ለአቅመ ሥራ የደረሰች ልጅ ወይም የምትተካት እኅት ያለቻት ሴት ልትሄድ ትችላለች፤ ይህ የሌላት ግን የማቆያው በር ክፍት ቢሆንም እንኳ ከቤቷ አትወጣም።

የትምህርት ድርሻ

በየጊዜው የተደረጉት የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በጤና ድርጅት የተከናወነው ወሊድ በ1992ና በ1997 ዓ.ም. ከመቶ 5 ብቻ ነበር። በ2003 ወደ 10፣ በ2008 ወደ 26፣ በ2011 ዓ.ም. ወደ 48 ከፍ ብሏል። በ2008ቱ ጥናት በከተማ ከመቶ 79፣ በገጠር ከመቶ 20 ነበር። ለልዩነቱ የመንገድ፣ የገቢና የትምህርት ሁኔታም ምክንያት መሆኑ አይካድም። ለዕድገቱም በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ ሴት ባለሙያዎችን በየቀበሌው በማሰማራት ከፍተኛ ድርሻ አበርክቷል።

በ2003ቱ ጥናት በጤና ድርጅት ካልወለዱት እናቶች ከመቶ 61ዱ «አያስፈልግም» የሚል ምክንያት ሰጥተዋል። ይህ መልስ የዕውቀት ማነስ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። ሆኖም ብዙ ጊዜ የወለደች እናት የምጥን አደጋ ከአስተማሪዋ ይልቅ ታውቀዋለች፤ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለችው እናት «አያስፈልግም» ስትል፣ ቤቷን ጥላ መሄድ የሚያስከትለውን ጉዳት ከአደጋው ጋር መዝና ሊሆን ይችላል።

ስለሆነም ስለ ወሊድ የሚሰጠው ትምህርት ለነፍሰ ጡሯ ብቻ መነገሩ በቂ አይደለም። ለባሏ፣ ለአማቷ፣ ለጎረቤቶቿና ለአሠሪዋም ሊደርስ ይገባዋል። ገበሬው አዝመራው እንዳይበላሽ በወንፈልና በደቦ የሚረዳዳበት፣ አራስንም ዘመድ ተባብሮ የሚጦርበት ልማድ ጥንትም የነበረ ነው። ይህ መረዳዳት ወሊዱ ከመድረሱ በፊት ወዳሉት ሳምንታት ቢሸጋገር፣ ሴቲቱ የምትወልድበትን ቦታ ለመምረጥ የሚያስችላትን ጊዜ ታገኛለች። እስከዚያው ግን በየቤቱ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «የት ትወልጃለሽ?» የሚለው ሳይሆን «ሥራሽን ማን ይይዝልሻል?» የሚለው ነው።